በአይሮፕላን መሪ ላይ የሚደረግ የግዴታ ምርመራ ታሪክ

መግቢያ

ይህ አጭር ጥናት በአይሮፕላን መሪ ላይ በሕግ የታዘዘው ምርመራ ከምን ተነሥቶ ወደ ምን እንደ ደረሰ፥ ለአገራችንም ምን ያህል ከባድ ትምህርት እንደ ሆነ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው። አዘጋጆቹ የወልድያ፥ የመርሳና የሀብሩ ልጆች ስለ ሆንን አንባቢ «ወልድያ የመንገደኛ አይሮፕላን የሚያርፍባት ከተማ አይደለችም፤ ታዲያ ይህ ነገር እናንተን ምን አገባችሁ?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። መልሳችን እንደሚከተለው ነው።

ወልድያ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከደሴ ተነሥቶ በመርሳ በኩል ወደ መቀሌ የሚያልፈው መንገድና ከጋሸና ደጋ የሚወርደው መንገድ በእርሷ ላይ ይገጥማሉ። አይሮፕላን የሚሻ መንገደኛ ወይ ወደ ላስታ ወጥቶ ከላሊበላ፥ ወይም ወደ ደቡብ ወርዶ ከኮምቦልቻ ይሳፈራል። ከመርሳና ከሀብሩ ቀበሌዎች ደግሞ ብዙ ወጣቶች እንጀራ ፍለጋ ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ። እንግዲህ የእኛ አገር እናት ልጇን የምትሸኘው በአይሮፕላን ነው። ያንን አይሮፕላን ግን አታየውም፤ ብታየውም መመርመር አትችልም። እምነቷን የምትጥለው ባልታወቀ መካኒክ ፊርማ ላይ ነው።

በእኛ በኩል ምርመራ እንግዳ ነገር አይደለም። ከደጋው ወደ ወልድያ ቁልቁለቱን የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን ሳይሞክር አይወርድም። ቢበላሽበትም ረዳቱ ዘሎ ጎማው ሥር ድንጋይ ይወትፋል። ለአይሮፕላን ግን በሰማይ ላይ ድንጋይ የሚወትፍለት የለም። ስለዚህ ምርመራው ሁሉ ከመነሣቱ በፊት ማለቅ አለበት፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ታሪኩን ስንመረምር ሁለት ነገሮች ጎልተው ታይተውናል። አንደኛው፥ መሪን የሚመለከት ነገር በአንድ ምስክር ብቻ ሲጸና አደጋ እንደሚከተል ነው። ሁለተኛው፥ ምርመራ ሊያገኝ የሚችለው ፈልግ የተባለውን ብቻ ስለ ሆነ፥ ጥፋቱ በስሙ ካልተጠራ መርማሪው ዐይን እያለው እንደማያይ ነው። የሚከተለው ሐተታ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለማስረዳት ነው።

1. አይሮፕላን ወደ አገራችን አገባቡ

የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 የሚባል የፈረንሳይ ሥራ ሲሆን ያበረረውም አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። ከዚያ በኋላ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊን የመሳሰሉ የአገር ልጆች በረራ ተማሩ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ሉድቪግ ቬበር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት «ፀሐይ» የተባለችው ትንሽ አይሮፕላን ለመብረር በቃች። ይህች አይሮፕላን በጠላት ተወስዳ ኢጣሊያ ከኖረች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመልሳለች።

የወሎ ሕዝብ ግን አይሮፕላንን ያወቀው በሌላ መልኩ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አይሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ ሆስፒታሉም ሳይቀር ተመታ። በዚያው ዓመት ከወልድያ በስተ ሰሜን ኮረም ተደበደበች። ስለዚህ በእኛ አውራጃ የአይሮፕላን ድምፅ ለረጅም ጊዜ የሞት ድምፅ ሆኖ ኖሯል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከነጻነት በኋላ በሥራው ካገኛቸው ነገሮች አንዱ ይህን ፍርሃት ወደ እምነት መለወጡ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በዚያው ጦርነት በተጀመረበት ወራት፥ ከእኛ እጅግ ሩቅ በሆነ ስፍራ፥ ለዚህ ጥናት መነሻ የሚሆን ነገር ደረሰ። ጥቅምት 19 ቀን 1928 ዓ.ም. በአሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ቦይንግ 299 የተባለ አዲስ ትልቅ የጦር አይሮፕላን ለሙከራ ተነሣ። ጥቂት ከፍ እንዳለ አፍንጫው ያለ ልክ ቀና፤ ወድቆም ተቃጠለ። ሞተሮቹ ደኅና ነበሩ፤ አብራሪውም የታወቀ ባለሙያ ነበር። ምክንያቱ ሲመረመር፥ አይሮፕላኑ በቆመበት ነፋስ መሪውን እንዳያንገላታው የሚታሰርበት መቆለፊያ ሳይፈታ መነሣቱ ታወቀ። አብራሪዎች ሥራቸውን በቃል ሳይሆን ከወረቀት እያነበቡ አንድ በአንድ እንዲያረጋግጡ የሚያደርገው ዝርዝር በአሜሪካ ጦር የተስፋፋው ከዚህ አደጋ በኋላ ነው። ዛሬም አብራሪ ከመነሣቱ በፊት መሪውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ፥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው እያንቀሳቀሰ ነጻ መሆኑን ያያል።

2. የብረት ገመድና ጨርቅ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአሥመራ አድርጎ ካይሮ በመድረስ የመጀመሪያ የመንገደኛ በረራውን ፈጸመ። የተጀመረው ከጦርነት በተረፉ 5 የሲ 47 አይሮፕላኖች ነው፤ እነዚህም ዲሲ 3 የሚባለው ዓይነት ናቸው። አብራሪዎቹም መካኒኮቹም በቲ.ደብሊው.ኤ. ኩባንያ በኩል የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ሙያውን ቀስ በቀስ ተረከቡ፤ በ1963 ዓ.ም. ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ።

የዲሲ 3 መሪ ለማስረዳት ቀላል ነው። አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ክፍል በአግድሙ ጅራት ላይ፥ ግራና ቀኝ የሚያዞረው በቋሚው ጅራት ላይ፥ ጎን ለጎን የሚያጋድለው በክንፎቹ ጫፍ ላይ ይገኛል። እነዚህ ክፍሎች የተሸፈኑት በጨርቅ ነበር። ከአብራሪው እጅና እግር ጋር የሚያገናኛቸው መካኒኮች ካቦ የሚሉት የብረት ገመድ ነው፤ እርሱም በትናንሽ መንኮራኩሮች ላይ እያለፈ እስከ ጅራት ይደርሳል።

ስለዚህ ምርመራውም በዐይንና በእጅ የሚሠራ ነበር። መካኒኩ ጨርቅ ይዞ በገመዱ ላይ ያሳልፋል፤ ከገመዱ ቀጫጭን ሽቦዎች አንዱ እንኳ ተበጥሶ ከሆነ ጨርቁን ይይዘዋል። የገመዱን ውጥረት በመለኪያ ያያል። ቡሎንና ዳዶው እንዳይፈታ የታሰረበትን ሽቦ ይመለከታል። የመሪዎቹን ሽፋን መቀደድ ይፈትሻል። በተለይ እንደ ላሊበላ ባሉ ባልተነጠፉ ማረፊያዎች ጎማ የሚያስፈነጥረው ጠጠርና አቧራ ጅራቱን ስለሚያገኘው ይህ ሥራ ቸል የሚባል አልነበረም።

ከሁሉ በላይ ልናሳስብ የምንወደው አንድ ሥርዓት አለ። በመሪው ላይ የተፈታ ወይም የተገጠመ ነገር ሲኖር፥ የሠራው ሰው ብቻውን ፈርሞ አይለቀውም። በሥራው ያልተካፈለ ሁለተኛ ባለሙያ እንደ ገና መርምሮ መፈረም አለበት። አንድ ሰው የራሱን ስሕተት ለማየት ስለሚቸገር፥ በተለይም ገመድ ተገልብጦ ቢገጠም አብራሪው ወደ ግራ ሲል አይሮፕላኑ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ፥ ነገሩ ለአንድ ዐይን አይተውም። ይህ ለኢትዮጵያዊ የሚገባ ነገር ነው፤ ለከባድ ነገር ከአንድ በላይ ምስክር መጠየቅ የአገራችን የፍርድ ልማድ ነውና።

3. ትእዛዙ የሚመጣበት መንገድ

ምርመራን ከመካኒኩ ትጋት ወደ መንግሥታት ግዴታ ያሸጋገረው በሺካጎ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ነው። ስምምነቱ የተፈረመው ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ አይሮፕላን የተመዘገበበት አገር የበረራ ብቁነት ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። አይሮፕላኑ የተነደፈበት አገር ደግሞ አዲስ ጉድለት ሲገኝ የግዴታ ትእዛዝ አውጥቶ ለሌሎች አገሮች ያስተላልፋል። ትእዛዙም ምን እንደሚመረመር፥ በስንት ቀን ወይም በስንት የበረራ ሰዓት እንደሚመረመር፥ ጉድለት ቢገኝ ምን እንደሚደረግ ይናገራል።

ሥርዓቱ መልካም ነው፤ ግን ሸክሙ እኩል አይደለም። አይሮፕላን የማይሠሩ አገሮች፥ ኢትዮጵያም ከእነርሱ አንዷ ናት፥ ስለ አይሮፕላኑ ውስጣዊ ነገር የሚያውቁት በአመዛኙ ሠሪው የነገራቸውን ነው። የተነገራቸው ጎደሎ ከሆነ ምርመራቸውም ጎደሎ ይሆናል።

ትእዛዝ ከአደጋ በኋላ እንዴት እንደሚጠብቅ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ጥር 22 ቀን 1992 ዓ.ም. የአላስካ አየር መንገድ ኤም.ዲ. 83 አይሮፕላን በካሊፎርኒያ ጠረፍ ባሕር ውስጥ ወድቆ 88 ሰዎች ሞቱ። የአግድሙን ጅራት ማዘንበል የሚለውጠው ረጅም ጠመዝማዛ ቡሎን ነው፤ ዳዶው በግራሶ እጦት ጥርሱ ተበልቶ አልቆ ነበር። ግራሶ የሚቀባበትና የጥርሱ መበላት የሚለካበት ጊዜ በፊት ቀስ በቀስ እንዲራዘም ተፈቅዶ ነበር። ከአደጋው በኋላ የወጣው ትእዛዝ ግን በየ650 የበረራ ሰዓት ግራሶ እንዲቀባ፥ በየ2,000 ሰዓትም እንዲለካ አስገደደ። እዚህ ላይ ጥፋቱ በስሙ ተጠርቷል፤ መካኒኩም የት እንደሚያይና ምን እንደሚለካ ዐውቋል።

4. የ2011 ዓ.ም. አደጋዎች

ከላይ እንዳየነው መሪው በገመድ ሳለ ጉድለቱ በእጅ ይዳሰሳል። መሪው በኮምፒዩተር መታዘዝ ሲጀምር ግን ጨርቅ የማይይዘው ጉድለት መጣ።

ቦይንግ 737 ማክስ በተባለው አይሮፕላን ላይ የተገጠሙት ሞተሮች ትልልቅ ስለ ነበሩ ወደ ፊትና ወደ ላይ ተደረጉ። በዚህ ምክንያት አፍንጫው በጣም ሲቀና ይበልጥ የመቅናት ጠባይ ስላሳየ፥ ሠሪው ኤምካስ የሚባል ሥርዓት አገባ። ኤምካስ አይሮፕላኑ አየሩን የሚገጥምበት ማእዘን በዝቷል ብሎ ሲያምን፥ አብራሪው ሳያዘው የጅራቱን አግድም ክንፍ ያንቀሳቅስና አፍንጫውን ወደ ታች ይጫናል። አይሮፕላኑ ማእዘኑን የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች ነበሩት፤ አንዱ በግራ፥ አንዱ በቀኝ። ኤምካስ ግን በአንድ በረራ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር። እንግዲህ በመካኒክ ላይ የተከለከለው ነገር ለኮምፒዩተር ተፈቀደ፤ በአንድ ምስክር ቃል ፍርድ ተሰጠ።

ሁለቱ መለኪያዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ ለአብራሪው የሚያመለክት ማስጠንቀቂያም ነበር። ይሁን እንጂ ተጨማሪ መሣሪያ ባልገዙ አየር መንገዶች አይሮፕላን ላይ ማስጠንቀቂያው እንደማይሠራ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 ዐውቆ ሳለ፥ የመጀመሪያው አደጋ እስኪደርስ ለደንበኞቹ አልገለጸም።

የመጀመሪያው አደጋ የደረሰው ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ ነው፤ በኛ አቈጣጠር ከቦይንግ 299 አደጋ 83 ዓመት በኋላ በዚያው ቀን መሆኑ ነው። የላየን ኤር አይሮፕላን ከጃካርታ ተነሥቶ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ 189 ሰዎች ሞቱ። የአገሩ መርማሪዎች እንዳስረዱት፥ የግራው መለኪያ በአደጋው ዋዜማ በጥገና ተለውጦ ነበር፤ የተተካው ግን 21 ዲግሪ የተሳሳተ ነበር። ከተገጠመ በኋላ መደረግ የነበረበት ፈተና በደንቡ ስለ መደረጉም ማረጋገጫ አልተገኘም።

ጥቅምት 28 ቀን 2011 ዓ.ም. የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር አስቸኳይ የግዴታ ትእዛዝ አወጣ። ትእዛዙ መለኪያው ሲሳሳት አይሮፕላኑ ደጋግሞ አፍንጫውን ሊጥል እንደሚችል ገልጾ፥ አብራሪዎች የጅራቱን የኤሌክትሪክ ኃይል ቆርጠው በእጅ እንዲያስተካክሉ መመሪያው በ3 ቀን ውስጥ እንዲታረም አዘዘ። ነገር ግን የኤምካስ ስም በትእዛዙ ውስጥ አልነበረም፤ በአንድ መለኪያ የመመራቱም ጉድለት እንዲለወጥ አልታዘዘም። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ያው አስተዳደር ባደረገው ግምት፥ ካልተስተካከለ በዚህ ዓይነት አይሮፕላን ሙሉ ዕድሜ ውስጥ ወደ 15 የሚደርሱ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ አስልቶ ነበር። ሆኖም አይሮፕላኖቹ እንዲቆሙ አላደረገም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፥ እሑድ፥ ከጧቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። 149 መንገደኞችና 8 ሠራተኞች ነበሩበት። አይሮፕላኑ ከተረከቡት ገና 4 ወር ነበር፤ የበረራ ብቁነት ምስክር ወረቀቱም የጸና ነበር። እንደ ተነሣ ወዲያው የግራው መለኪያ 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ 15.3 አሳየ። ኤምካስ የግራውን አምኖ አፍንጫውን ወደ ታች ጫነ። ዋናው አብራሪ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳት አብራሪው አሕመድኑር ሞሐመድ ትእዛዙ እንደሚለው የኤሌክትሪኩን ኃይል ቆረጡ። ነገር ግን ፍጥነቱ ከፍ ስላለ ጅራቱን በእጅ ማዞር አልሆነላቸውም። ኃይሉን መልሰው ሲያገናኙ ኤምካስ እንደ ገና ሠራ። ከተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ አይሮፕላኑ በጊምቢቹ ወረዳ ቱሉ ፈራ በተባለው ስፍራ ወደቀ፤ ከ157ቱ ሰዎች አንድ እንኳ አልተረፈም።

5. አይሮፕላኖቹ መቆማቸውና የምርመራው ክርክር

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቀሩትን 4 የማክስ አይሮፕላኖች ወዲያው አቆመ። ቻይናም በማግስቱ አቆመች፤ ሌሎችም አገሮች ተከተሉ። የአሜሪካ አስተዳደር ያቆመው መጋቢት 4 ቀን ነው። ይህ በበረራ ታሪክ ልዩ ነገር ነው፤ ትእዛዝ ተቀባዮች ከትእዛዝ ሰጪው ቀድመው ተራምደዋልና።

አይሮፕላኑ ለ20 ወራት ከቆመ በኋላ ኅዳር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. እንዲበር የፈቀደው የአሜሪካ ትእዛዝ፥ ከ2011 ዓ.ም. ትእዛዝ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጥ ነው። ኤምካስ የሁለቱንም መለኪያዎች ቃል እንዲያመሳክርና ካልተስማሙ እንዳይሠራ፥ የጅራቱ ሽቦዎች ተለያይተው እንዲዘረጉ፥ በእያንዳንዱ አይሮፕላን ላይ የማእዘን መለኪያው እንዲፈተን፥ መንገደኛ ከመጫኑም በፊት የሙከራ በረራ እንዲደረግ አስገደደ። ሁለተኛው ምስክር ተጠርቷል፤ ጥፋቱም ስም አግኝቷል። በዚያው ዓመት ቦይንግ ሁለት የቴክኒክ አብራሪዎቹ ስለ ኤምካስ ለመንግሥት አሳሳች ቃል መስጠታቸውን አምኖ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በማክስ አይሮፕላን እንደ ገና መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።

በዓለም አቀፉ ደንብ አደጋን የሚመረምረው አደጋው የደረሰበት አገር ነው። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 ከቤይሩት ተነሥቶ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ 90 ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የሊባኖስ መርማሪዎች ምክንያቱን በአብራሪዎቹ አመራር ላይ ሲያኖሩ ኢትዮጵያ ተቃወመች። በ2011 ዓ.ም. ግን መርማሪዋ ኢትዮጵያ ራሷ ነበረች። ታኅሣሥ 14 ቀን 2015 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ አደጋ ምርመራ ቢሮ የመጨረሻ መግለጫ፥ ምክንያቱ ኤምካስ ደጋግሞ አፍንጫውን መጫኑ መሆኑን፥ መለኪያው የተሳሳተውም ከሥራ ጥራት ጉድለት በመጣ የኤሌክትሪክ ብልሽት መሆኑን ገለጸ። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች በኤምካስ ጥፋት ተስማምተው፥ መለኪያውን ያበላሸው ወፍ ሳይሆን አይቀርም አሉ፤ የአብራሪዎቹም አሠራር በበቂ አልተመረመረም ሲሉ ነቀፉ።

እኛ በዚህ ክርክር ዳኛ ለመሆን አንነሣም። ነገር ግን አንድ ነገር ከክርክሩ ውጭ ይመስለናል። መለኪያውን ወፍ ይምታው ወይም ሽቦ ያበላሸው፥ አንድ መሣሪያ ስለ ተሳሳተ ብቻ 157 ሰዎች እንዲሞቱ የሚያደርግ አሠራር በማንኛውም መካኒክ ምርመራ የሚያዝ አልነበረም። በዚያ እሑድ ጧት አይሮፕላኑን የፈተሸ መካኒክ መቶ ጊዜ ቢዞረው እንኳ አያገኘውም ነበር፤ ጉድለቱ በብረቱ ሳይሆን በሐሳቡ ላይ ነበርና።

መደምደሚያ

ካየነው ታሪክ የሚከተለውን ለማለት እንደፍራለን። የመሪ ምርመራ በ1928 ዓ.ም. ካልተፈታ መቆለፊያ፥ በ1992 ዓ.ም. ካልተቀባ ዳዶ፥ በ2011 ዓ.ም. ካልተጠራ ስም ተምሯል። በየጊዜውም የትምህርቱን ዋጋ የከፈሉት ነገሩን የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ምርመራ ከመካኒኩ እጅ ሳይሆን ከነዳፊው ጠረጴዛ መጀመር አለበት።

ሁለት ነገሮችም እናሳስባለን። በመጀመሪያ፥ እንደ ኢትዮጵያ ያሉ ተቀባይ አገሮች የሚመጣላቸውን ትእዛዝ ፈጻሚዎች ብቻ ሳይሆኑ፥ «ይህ የሚሠራው በስንት ምስክር ነው?» ብለው የሚጠይቁ መሐንዲሶች ሊኖሯቸው ይገባል፤ ይህም የእኛ የተማሪዎች ዕዳ ነው። ቀጥሎም፥ ስለ በረራ 302 የወጡት ዋና ዋና የምርመራ ጽሑፎች የተዘጋጁት በእንግሊዝኛ ነው። የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ፍሬ ነገር በአማርኛ፥ በአፋን ኦሮሞና በሌሎቹም የአገራችን ቋንቋዎች ተጽፎ መታተም ይኖርበታል። ልጇን ከመርሳ አውቶቡስ ላይ አሳፍራ ወደ ቦሌ የምትሸኝ እናት መሪውን መመርመር አትችልም፤ የተመረመረው እንዴት እንደ ሆነ በቋንቋዋ የመስማት መብት ግን አላት።